ከቅንድቧ አላልፍ ያለው ካርድ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አሁንም ቆመ። ሻሿ ወጣ፣ ግንባሯ ወጣ፣ ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው መስቀል ጥርት ብላ ወጣች፣ ቅንድቧ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ሰዓቱ አይቆጥርም። ገመዱን ነቅዬ አጠፋሁት። ሦስተኛ ሙከራዬ ነው።

ብስጭቴን እዚህ ልጻፈው እንጂ ለማን እነግረዋለሁ። እማዬ ከሞተች እሑድ ሳምንት ዓመት ይሞላታል። ሙት ዓመቷ የሚወጣው ዳባት፣ አባዬ ቤት ነው። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰቀለውን ትልቅ ፎቶ እኔ አመጣለሁ ብያለሁ። የሰው ሰርግና የሰው ምርቃት ባነር ስሠራ የምውል ሰው የእናቴን ፎቶ ሳልሰቅል ብቀር ምን እባላለሁ?

ያለን ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እማዬ ፎቶ አትወድም ነበር። "ጥላዬን ለማን ልትሰጡት ነው?" ትለን ነበር። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የነበረውን ውሃ ገብቶበት ፊቷን አጥፍቶታል። የቀረችን ለሥራ ወደ ጎንደር የመጣሁ ቀን፣ በመጀመሪያዋ ስልኬ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ያነሳኋት ናት። ፎቶዋ ትንሽ ናት፣ ደብዛዛም ናት። ከሁሉ የከፋው ግን እማዬ ዓይኗን ጨፍናለች። የሚወስደኝ ማኪና ጡሩምባ እየነፋ ስለነበር ደግሜ አላነሳኋትም።

ያገኘሁት ፕሮግራም ትንሽ ፎቶ ያተልቃል፣ የተጨፈነ ዓይንም ይገልጣል። ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚፈልገው ምስል የሚያቀናብር ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የኔ ኮምፒውተር ደግሞ የለውም። ለባነር አስፈልጎኝ አያውቅም።

ነገ አራዳ ገበያ እወርዳለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ የምትሸጠው ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለተኛ ደንበኛ ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። ርካሽ ግራፊክስ ካርድ እፈልጋለሁ አልኳት።

"ለጌም ነው?"

"ለፎቶ ነው።"

ከዚያ የጥያቄ መዓት አወረደችብኝ። ፓወር ሰፕላይህ ስንት ዋት ነው? ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድ አለው? ሳጥኑ ውስጥ ምን ያህል ቦታ አለ? ሞኒተርህ አዲስ ነው አሮጌ? አንዱንም አላውቀውም። "የኮምፒውተሩ ባለቤት ነህ ወይስ ጎረቤቱ?" ብላ ሳቀችብኝ።

የነገረችኝን እንዳልረሳ፦

አዲስ ካርድ ለኔ አይታሰብም። ያገለገለ ልግዛ፤ ግን ማን ሲሠራበት እንደኖረ ልጠይቅ። ካርድ እንደ በቅሎ ነው አለች፤ ሲጫን የኖረውን ጭነት ሳታውቅ አትገዛውም።

ሞኒተሬ የድሮው ባለ ሰማያዊ ሶኬት ከሆነ መቀየሪያ ያስፈልገዋል።

ዋናው ሜሞሪው ነው። ባለ ሁለት ጊጋ፣ ባለ አራት፣ ባለ ስምንት አላት። ከትንሿ ጀምር፣ ከበቃችህ ለምን ትልቁን ትሸከማለህ ብላ ባለ ሁለት ጊጋዋን ለሙከራ ሰጠችኝ። መዳፍ የምታህል ካርድ ናት። ደስ ብሎኝ ወደ ሰፈሬ ማራኪ ተመለስኩ፤ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ካርዷ ገባች። መጀመሪያ በሌላ ፎቶ ልሞክራት ብዬ የእህቴን የትርንጎን ሰጠኋት። ትርንጎ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ትማራለች። በአንድ የክፍል ፎቶ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሻይ ሳልጨርስ ዓይኗ ተገለጠ። ሁለታችንም ሳቅን። "ከኔ ይልቅ እሷ ነቅታለች" አለች ትርንጎ።

ከዚያ እማዬን አስገባሁ።

ሻሿ ወጣ። ግንባሯ ወጣ። መስቀሏ ወጣች። ቅንድቧ ላይ ስክሪኑ አረንጓዴ ሰንበር በሰንበር ሆነ።

አጥፍቼ አስነሳሁት። ያው። የትርንጎን ፎቶ ደገምኩ፤ ሠራ። የእማዬን ደገምኩ፤ ቅንድቧ ላይ ቆመ።

ትርንጎ ሳቋን አቆመች። "ሜሞሪው ትንሽ ነው ብላህ የለ? የእማዬ ፎቶ በጣም ስለሚተልቅ ነው" አለች። ልክ ናት። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው። ግን ስትናገር ወደ ስክሪኑ አላየችም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬ ደወለ። ድንኳኑ ከጎረቤት ተገኝቷል፣ በጉ ተገዝቷል፣ ካህናቱ ተነግሯቸዋል። ፎቶዋን እያዘጋጀሁ ነው አልኩት።

"የትኛዋን?"

"ደጃፍ ላይ የቆመችውን።"

"እሷማ ሸጋ ናት" አለ።

"ዓይኗን ጨፍናለች እኮ አባዬ፤ ልገልጠው ነው" ስለው መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ። ደጋው ላይ ኔትወርክ እንዲህ ነው። የሰማኝ አይመስለኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ትንሿን ካርድ መልሼ ባለ አራት ጊጋውን ወሰድኩ። ይኸኛው ለሳጥኑ መብራት ከሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ የራሱ ገመድ ይፈልጋል፤ የኔው አሮጌ ስለሆነ ዘሀራ ማገናኛ ጨመረችልኝ። "ካንገራገረ አታስገድደው" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ጀመርኩ። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛውን ሞልቶታል፤ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮሃል። ሻሽ፣ ግንባር፣ መስቀል። ቅንድቧ ላይ ጧ ብሎ ሁሉም ነገር ጠፋ።

መብራት ሄደ አልኩ። ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። የጎረቤት ሬዲዮም እንደጮኸ ነው። የጠፋው የኔው ሳጥን ብቻ ነው። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል። አሮጌ ነበር፣ አልቻለም፣ አለቀ። ምክንያት አለው።

ግን አንድ ነገር ልጻፍ፣ አለዚያ አይለቀኝም። እማዬ ስታርፍ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ረፋድ ነበር። አባዬ ውጭ ጠያቂ እያስተናገደ ነበር። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ በቀኝ እጄ። በኛ አገር የሚከድነው የቅርብ ሰው ነው፤ የከደነ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ፣ አጥብቆ ይከድናል። የዓይኗ ሽፋል መዳፌን የነካኝ አሁንም ይሰማኛል። ዛሬ ስክሪኑ ሲጠፋ እጄ ማውሱ ላይ ነበር። ያው እጅ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ዘሀራ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ አገኘችልኝ። ባለ አራት ጊጋውን ሱቋ ውስጥ ሰክታ ሞከረችው። ሦስት የሰው ፎቶ አስገባች፣ ሦስቱም ዓይናቸውን ገለጡ። "ካርዱ ጤነኛ ነው" አለች። "እስቲ ያንተን ፎቶ አሳየኝ።"

ስልኬን ሰጠኋት። ሻሿን ወደኋላ አድርጋ ስክሪኑን ጠጋ ብላ ብዙ አየችው።

"እናትህ ናት?"

"አዎ። ዓመቷ ነው።"

"ነፍሷን ይማር።" ስልኩን መለሰችልኝ። "ለምን ትቀሰቅሳታለህ፣ ተኝታ የለም እንዴ?"

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። እዚሁ ልሞክርልህ ብትለኝም እምቢ አልኩ። እናቴ ሱቅ ውስጥ፣ በቻርጀርና በኪቦርድ መሀል ዓይኗን እንድትገልጥ አልፈለግሁም።

ባለ ስምንቱን ጊጋ ሰጠችኝ። ባለ ሁለት ማራገቢያ ነው፣ ክንድ የሚያህል። የማን ነበር አልኳት፤ የሰርግ ቪዲዮ የሚቆርጥ ልጅ ነበር የሚሠራበት፣ አገር ለቆ ሲሄድ ሸጠልኝ አለች። በሳጥኔ አልገባ ብሎ የዲስክ ማስቀመጫውን ፈትቼ ጣልኩት። አሁንም ክዳኑ አይገጥምም። ክፍት እንደሆነ ይሠራል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ከረፋድ ጀምሮ መብራት የለም።

ከመጥፋቱ በፊት ጠዋት ፕሮግራሙን ከፍቼ ነበር። ይኼን ያህል ካርድ ሲያገኝ አዲስ ጥያቄ አወጣ፤ የዓይኑን ቀለም ምረጥ ይላል። ጥቁር፣ ደማቅ ቡናማ፣ ፈዛዛ ቡናማ።

ጣቴ ቆመ።

ትርንጎን ጠራኋት። "ቡናማ" አለች ወዲያው። ከዚያ "አይ፣ ጥቁር። ፀሐይ ላይ ነው ቡናማ የሚመስለው።" ከዚያ "የአክስቴ ነው መሰለኝ ቡናማው" አለች።

አናውቅም። ሁለት ልጆቿ፣ ጡቷን ጠብተን ያደግን፣ የዓይኗን ቀለም አናውቅም። ድምፅዋን አስታውሳለሁ፣ የእጇን ሽታ አስታውሳለሁ፣ ዓይኗን ላመጣ ስል ግን የሚመጣልኝ መዳፌ ሥር ያለው ሽፋል ነው። ፈራሁ። ካርዱን አይደለም የፈራሁት፤ ከአሁን በኋላ እየጠፋችብኝ እንደምትሄድ ነው። ለዚህ ነው ይኼን ፎቶ የምፈልገው። ለድንኳኑ አይደለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

አለፈ።

ትናንት መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። ዛሬ ጠዋት ጥቁር ብዬ መረጥኩና አስጀመርኩት። ማራገቢያዎቹ እንደ ወፍጮ ጮሁ። ሻሽ፣ ግንባር፣ መስቀል፣ ቅንድብ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረደ።

ዓይኗ ተገለጠ። ግን እኔን አታይም። በግራ ትከሻዬ በኩል አልፋ ወደ በሩ ታያለች። ሳላስበው ዞርኩ። በሩ ተዘግቷል፣ ማንም የለም።

ደግሜ አሠራሁት። ሌላ ዓይን ወጣ፣ የወጣት ዓይን። ወደ በሩ። ደገምኩ። የታመመች ሴት ዓይን። ወደ በሩ። ፊቷ ትንሽ ወደዚያ ዘንበል ስላለ ነው አልኩ። ለማረጋገጥ ብዬ ጠረጴዛውን ከነሞኒተሩ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዞርኩት፤ አሁን በሩ በቀኜ ሆነ። ደገምኩ። ዓይኗ ወደ ቀኝ ሄደ።

ፕሮግራሙ በየሙከራው የተለያየ ዓይን ስለሚፈጥር ነው። ማስረጃው ይኸው፣ አራት ጊዜ አራት ዓይነት ወጣ። ቢሆንም ተነስቼ በሩን ቆለፍኩ።

ወዲያው ተንኳኳ። ትርንጎ ናት፣ ከትምህርት መጥታ። ከፈትኩላት። አንድ እግሯ ደፍ ላይ እንዳለ ስክሪኑን አየችና ቆመች።

"በስመ አብ። ምነው እንዲህ ታየኛለች?"

"ጨረስኩት። ተሳካ።"

"ተቆጥታለች። አፏን አይተኸዋል? እማዬ አፏን እንዲህ ገጥማ አታውቅም።"

የፎቶ ነገር ነው አልኳት። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። "አንተ አይደለህ የከደንካት?" አለች በቀስታ። "አንተው ከድነህ አንተው ትገልጣለህ?"

ቀኑ ግን ደርሷል። የመጨረሻውን ፎቶ ይዤ አራዳ ማተሚያ ቤት ሄድኩና በትልቁ አሳተምኩት። ጠቅልለው ሰጡኝ። ስመለስ ፊቷ ወደ ውስጥ መጠቅለሉን ሁለቴ አየሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29፣ ዳባት

መንገዱ ሰላም ነበር። ደጋው ጉም ነው፤ እጄ እስኪደነዝዝ ይበርዳል።

ጥቅሉን ግቢው ውስጥ ትርንጎና እኔ ዳርና ዳር ይዘን ዘረጋነው። አባዬ ጋቢውን ሰብስቦ መጣ። ቆመ። ብዙ ቆመ። ይወደዋል ብዬ ፊቱን እጠብቃለሁ።

"ይችን ከየት አመጣሃት?" አለኝ።

"እማዬ ናት እኮ።"

"ሻሹ የሷ ነው። መስቀሏም የሷ ነው። ዓይኗ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም አባዬ። ኮምፒውተሩ ነው የሠራው።"

"የማንም ካልሆነ ታዲያ ማን ነው የሚያየኝ?" አለ።

ትርንጎ ዳሩን ለቀቀችው። ጥቅሉ ራሱን በራሱ ተጠቀለለ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ነው፣ ፎቶው ተበላሽቶ ስለነበር ነው ብዬ አስረዳሁት። አባዬ ከት ብሎ ሳቀ፤ እማዬ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

"ማን ነው ተበላሸ ያለህ? እየመረቀችህ እኮ ነው። እናትህ የሻረግ ስትመርቅ ዓይኗን ትከድን የለ? ሰውም ስትመርቅ፣ አውድማም ስትመርቅ፣ ገልጣ መርቃ አታውቅም። ያን ቀን እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ፤ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ ትላለች፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ ትላለች። አንተ በስልክህ ታፈጥባታለህ፣ ማኪናው ይጮሃል። አልሰማሃትም?"

አልሰማኋትም።

"ሸጋ ናት ያልኩህ እኮ ለዚያ ነው" አለ።

ትልቁን ፎቶ እንዳልቀደው እንዳላቃጥለውም ነገረኝ፤ መልኳ አለበት። ግን ቤት ውስጥ አታሳድረው አለኝ። ከድንኳኑ ትርፍ ቋሚዎች ጋር ጎተራው ሥር አቆምኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ሙት ዓመቷ ወጣ። ፍትሐቱ ተደረገ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶ አልሰቀልንም። ምነው ብሎ የጠየቀን የለም።

ሰዉ ሲመለስ አባዬ ስልኬን ተቀበለኝና ትንሿን ፎቶ ፊቱ ድረስ አስጠግቶ አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚላት አልጠየቅሁትም።

ከመተኛቴ በፊት ጎተራው ሥር ያለውን ጥቅል ለማየት ሄድኩ። አለ። ፊቱ ወደ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ትናንት ተመለስን። ጥቅሉን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንዲጭነው ለረዳቱ በእጄ አቀበልኩት። ጎንደር ስንወርድ የለም። "ምንም ጥቅል አልጫንኩም ጋሼ" አለኝ። ጭነህ አይደል ብዬ ተቆጣሁ፤ ትርንጎም አይታዋለች። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ራሴ አየሁ። የሰው ጆንያና አንድ ፍራሽ ብቻ ነው ያለው። የሆነ ቦታ መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል። እንደተጠቀለለ ነው ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ።

ዛሬ አራዳ ሄጄ ባለ ስምንቱን ጊጋ ለዘሀራ መለስኩላት። ምን አጠፋ አለችኝ። ምንም፣ ለኔ በዝቷል አልኳት። ያቺን የመጀመሪያዋን፣ መዳፍ የምታህለውን ገዛሁ። "ከትንሿ ጀምር ብዬህ ነበር" አለች፤ ደስ አላት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እናትህስ?" አለችኝ። "ተኝታለች" አልኳት።

ቤት ገብቼ ሰካኋት። ክዳኑም ገጠመ። ዓይን የሚገልጠውን ትእዛዝ አጠፋሁ፣ ቀለም የሚመርጠውንም፣ ፊት የሚያስተካክለውንም። ፎቶዋን ብቻ አተልቅልኝ፣ ሌላ አትንካ አልኩት። ትርንጎ ሳልጠራት መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

ሻሿ ወጣ። ግንባሯ ወጣ። መስቀሏ ወጣች። ቅንድቧ ላይ ሲደርስ ትርንጎ ትከሻዬን ያዘችኝ።

አልቆመም። ያቺው ትንሽ ካርድ፣ ሰንበር በሰንበር ያደረገችብን፣ ዝም ብላ ወረደች። የከደነችው ሽፋል ወጣ፣ እጥፋቱ ሳይቀር። አፍንጫዋ ወጣ። አፏ ወጣ።

አፏ ክፍት ነው።

በትንሿ ፎቶ ላይ ደብዝዞ አይታይም ነበር። ገርበብ ብሏል፣ ቃል መሀል ላይ ነው፣ የታች ጥርሷ ጫፍ ይታያል። ፕሮግራሙ ያኔ ዓይኗን ሲገልጥ አፏን ዘግቶት ነበር። ትርንጎ ተቆጥታለች ያለችው እሱን ነው።

አላለቀስኩም ብዬ አልጽፍም። ትርንጎም አለቀሰች። ከዚያ ሻይ አፈላች።

አሁን ስክሪኑ ላይ ናት። የትኛው ቃል ላይ እንደነበረች ለማወቅ ከንፈሯን ደጋግሜ አየሁት፤ አንዳንዴ "ጨርቅ" የሚለው ላይ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ገና ስትጀምር። አባዬን ነገ ደውዬ እጠይቀዋለሁ። በሩን ዛሬ አልቆለፍኩም።